ሽታዬ ያወጣችው ፈተና

ማራኪ ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ወረድ ብሎ፣ ምድር ቤቱ ፎቶ ኮፒ የሚነሣበት ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ አለ። ፎቁ ላይ ያለችው ሰፊ ክፍል ከቀትር በኋላ በተማሪ ትሞላለች። ወንበሮቹ ከየቤቱ የተለቃቀሙ ስለሆኑ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል፤ ረጅም ልጅ አጭር ወንበር ሲደርሰው ጉልበቱን ታቅፎ ይማራል። መምህርት ሽታዬ እዚያ ለማትሪክ የሚዘጋጁ ልጆችን እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ከእንግሊዝኛም ምንባብን ብቻ።

«ምንባብ ሲሰጣችሁ ቀድማችሁ ምንባቡን አታንብቡ፤ ጥያቄውን አንብቡ» ትላቸዋለች። «ጥያቄ እንደ ሰው ነው፤ አመሉን ያወቀ አይቸገርም።»

ቀጥላ አመላቸውን ትነግራቸዋለች። ዋናው ሐሳብ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ምንባቡን ጠቅልሎ ይፈልጋል፤ አንዱን አንቀጽ ብቻ የሚነካ ምርጫ ካያችሁ ጣሉት። ዝርዝር የሚጠይቀው የዋህ ነው፤ መልሱ አንድ መስመር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። እዚህ መስመር ላይ ያለችው «ኢት» የማን ምትክ ናት ከተባላችሁ ወደ ላይ ተመለሱ እንጂ ወደ ታች አትውረዱ። የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ ጎረቤቶቹን ጠይቁ። እውነት፣ ሐሰት፣ አልተገለጸም የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ ያልተባለውን ከራሱ እየጨመረ። ኢንፈረንስ ያልተጻፈውን ከተጻፈው ማውጣት ነው፤ ከሆዳችሁ ማውጣት አይደለም። መጨረሻ ላይ የምትመጣው ቶን ናት፤ ጸሐፊው ስለ ነገሩ ምን ይሰማዋል? እሷን ስትፈልጉ ቅጽሎቹን እዩ።

ይህን ሁሉ የምትለው ከፍም ዝቅም በማይል ድምፅ ነው፤ መናኸሪያ ላይ የመኪና መነሻ ሰዓት እንደሚያነብ ሰው። ተማሪዎቹ ተፈጥሮዋ ይመስላቸው ነበር። ቀድሞ ዳባት ሳለች ያስተማረቻቸው ቢጠየቁ ግን የሚያወሩት ስለ ሌላ ሴት ነው፤ ጠመኔ ስለምትወረውር፣ ትክክል የመለሰ ልጅ ሲገኝ «እሰይ!» ብላ ጠረጴዛ ስለምትመታ፣ ሣቋ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ ስለሚሰማ ሴት።

ሽታዬ ጎንደር ከተማ ተወልዳ ነው ያደገችው። ከኮሌጅ እንደወጣች ለዳባት ስትመደብ፣ ብርዱን ሰምታ ስለነበር፣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ ብላ ነው የሄደች። ያስቀራት ታከለ ነው። ታከለ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። አንድ ቀን ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ የምትመጣዋን ወረቀት ይዞ ትምህርት ቤት መጣና፣ «መምህርት፣ ይህ መድኃኒት ለበግ ይሁን ለፍየል አልገባኝ ብሎ ነው፤ እንግሊዝኛው ጠጠር አለብኝ» አላት። አነበበችለት። በሳምንቱ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ፤ በሌላው ሳምንትም እንዲሁ። ከተጋቡ በኋላ ስትጠይቀው ወረቀቱ ከመጀመሪያውም ገብቶት እንደነበር አልሸሸጋትም። ልጅ አልሆነላቸውም። ሰው ሲያነሣባቸው ታከለ «የወረዳው ጥጃ ሁሉ የኔ አይደለም ወይ?» ብሎ በቀልድ ያሳልፈዋል።

ከዚያ አገሩ በጦርነት ተናጋ። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ለሳምንት፣ ቀጥሎ ለወር፣ በኋላም እስከማይታወቅ ጊዜ ተዘጋ። ባልና ሚስት ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ጎንደር ወረዱና ማራኪ ክፍል ተከራዩ። ታከለ መንገድ ሲከፈት ወደ ሥራው እየወጣ፣ መንገድ ሲዘጋ እዚያው እየከረመ፣ ሲመቸው ወደ ሚስቱ እየወረደ ኖረ። ሽታዬን ደግሞ ሰውነት የሚባል የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ጠራት። ፎቁን ተከራይቶ ማጠናከሪያ ትምህርት ከፍቶ ነበር፤ «ምንባብ እንዳንቺ የሚያስተምር አላገኘሁም» አላት።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ዛሪማ ቆላ ከብት ላይ በሽታ ገብቷል ተባለና ታከለ ክትባት ይዞ እንዲወርድ ታዘዘ። በማለዳ ተነሣ። ሽታዬ ከሱ ቀድማ ተነሥታ ጠረጴዛዋ ላይ የተማሪ ወረቀት ታርም ነበር።

«ሻይ አለ?» አላት።

«ፔርሙሱ ውስጥ።»

ቆሞ ጠጣ። ካፖርቱን ደረበ። ቀና ስትል ቁልፎቹን አዛንፎ እንደቆለፋቸው አየች፤ አንደኛው ጉሮሮው ሥር ብቻውን ቀርቷል። በሩ ጋ ሲደርስ ያየዋል ብላ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

«በይ ደኅና ዋይ።»

«ደኅና ግባ።»

የተባባሉት ይኸው ነው። ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ሳለች ስልኳ ጠራ፤ ከወረዳው ቢሮ ነበር። የተሳፈረበት ሚኒባስ ሊማሊሞ መታጠፊያ ላይ ከመንገድ ወጥቶ ገደል ገብቷል፤ ታከለ አልተረፈም። ሽታዬ «እሺ» አለችና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሰሌዳው ላይ ጀምራው የነበረውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አስረዳች። ልጆቹ ጽፈው ሲጨርሱ ሰሌዳውን አጠፋች፤ ከዚያ ወጥታ ለሰውነት ነገረችው። ሰውነት ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ሲጮህ፣ ምን ሆነ ብላ ዘወር ብላ እንዳየች በኋላ ትዝ ይላታል።

የተቀበረው በተወለደበት ቀዬ፣ ከዳባት ወጣ ብሎ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ለቅሶው ትልቅ ነበር፤ ላሙ የዳነችለት፣ በሬው የተነሣለት ሁሉ ነው የመጣው። አልቃሿ ስሙን እየጠራች ስታወርድ ወንዱ ሳይቀር ተንሰቀሰቀ። ሽታዬ መሐል ቆማ ዐይኗ ደረቅ ነበር። ማልቀስ ፈልጋ እንባ እምቢ ቢላት አንድ ነገር ነበር፤ እሷ ግን ምንም አልፈለገችም። ነጠላዋ ከትከሻዋ ሲወርድ ትመልሰዋለች፤ እንደገና ይወርዳል፤ ትመልሰዋለች።

ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። «የተማረ ሰው ሆዱ ደንጋይ ነው» አለች አንዷ። «ምነው እንዲያ ትያለሽ፤ ደንግጣ ነው እንጂ» አለች ሌላዋ። ነገሩ ለታከለ ታላቅ ወንድም ለአያ ወልደ ገብርኤል ደረሰ። ስድሳ ያለፋቸው ገበሬ ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ዝም ይላል።

«ተዋት» አሉ። «እርሟን ስታወጣ ታወጣለች። እንባ እንደ ገበያ ቀን ቀጠሮ የለውም።»

ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት የተናገራት የለም። በሁለተኛው ሳምንት ጎንደር ተመለሰችና ሥራዋን ቀጠለች። ሰውነት «ዕረፊ እንጂ» ቢላት «ምን ላደርግ?» አለችው። ማሽሟጠጧ አልነበረም፤ ዕረፍት ላይ ሰው ምን እንደሚያደርግ እውነትም ጠፍቷት ነው።

ወራቱ እንዲህ አለፉ። ወጥ ስትሠራ ጨው ጨምራ ይሁን አትጨምር አታውቅም፤ ብትቀምሰውም አይለይላትም። ከፒያሳ ስትመለስ ታክሲው መውረጃዋን አልፏት ይሄዳል፤ ወርዳ በእግሯ ትመለሳለች፤ አትናደድም። ጎረቤቶች እየመጡ አብረዋት ይቀመጣሉ። የሚሉትን ትሰማለች፣ ተገቢውን ትመልሳለች፣ ሲወጡ ግን ማን መጥቶ እንደነበር ለማስታወስ ማሰብ አለባት። የታከለ ልብሶች ከግድግዳው ላይ አልወረዱም። ልታያቸው ፈርታ ወይም ሳስታላቸው አልነበረም። እንደ ግድግዳው ስለሆኑባት ነው። ሌሊት ትተኛለች። ሰው «እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ?» ሲላት፣ መልሱ አዎ ስለሆነ ታፍራለች።

ሥራዋ ብቻ አልተበላሸም። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ማስወገድ፣ ይህ ሰፋ፣ ይህ ጠበበ፣ ይህ ምንባቡ ውስጥ የለም እያሉ ወደ አንዱ መድረስ፤ ይኸን ለመሥራት ምንም ነገር ሊሰማት አያስፈልግም።

ግንቦት ላይ ሰውነት ወደሷ መጣ።

«ሽታዬ፣ ልጆቹ ያሉንን ምንባቦች በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ስለ ዓሣ ነባሪ የሚለው ገና ሲጀምር መልሱን ያጠቁራሉ። ፈተናው ደረሰ፤ አዲስ አንድ አውጪልኝ። አጭር ይሁን፣ የጥያቄ ዓይነቱ ግን ሁሉም ይኑርበት።»

በማግስቱ፣ እሑድ ቀትር ላይ፣ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጠች። ልትጽፍ ያሰበችው ስለ ድንች በሽታ ነበር፤ ቀለል ያለ፣ ምክንያትና ውጤት ያለው፣ ለጥያቄ የሚመች። ብዕሯን አንሥታ የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ስትጽፍ ግን የወጣችው ሌላ ሆነች። ሽታዬ አልሰረዘችውም። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ሰዋስዉ ትክክል ነው፣ ለደረጃቸው ይመጥናል፤ ስለዚህ ቀጠለች።

ምንባቡ እንዲህ ነበር። አንድ ሰው በማለዳ ተነሣ። ቆላ ላይ ያሉ ከብቶች ክትባት ይጠብቁ ነበር። ሻይ ቆሞ ጠጣ። ካፖርቱን ለበሰ፤ ቁልፎቹን አዛንፎ ቆለፋቸው። ማንም አልነገረው። ቀጥሎ ስለ መንገዱ አንድ አንቀጽ አለ፤ ማን እንደሠራው፣ ስንት ጊዜ እንደሚጠማዘዝ፣ ጉም ሲወርድበት እንዴት እንደሚሆን። ከዚያ መኪናው ከመንገድ ይወጣል። የአካባቢው ሰዎች በገመድ ገደሉን ይወርዳሉ። ክትባቱ ያለበት ሳጥን ሳይሰበር ተገኘ፤ ሲከፈት በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር። መጨረሻው አንቀጽ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ በሳምንቱ ሌላ ባለሙያ ሳጥኑን ይዞ ወረደ። ከብቶቹ ተከተቡ።

ጽፋ ስትጨርስ ጥያቄዎቹን አወጣች። ዋናውን ሐሳብ ጠየቀች። ሰውየው ለምን ወደ ቆላ ሄደ አለች። በረዶው ዘንድ ያለችው «ኢት» የሳጥኑ ምትክ መሆኗን የሚፈትን አወጣች። ገደላማ የሚለውን ቃል ካገባቡ እንዲፈቱ ሰጠች። «ሰውየው ልጆች ነበሩት» ብላ እውነት፣ ሐሰት፣ አልተገለጸም አስከተለችበት፤ መልሱ አልተገለጸም ነው። የመጨረሻዋ ቶን ነበረች። የጸሐፊው ስሜት ምንድን ነው? ኤ፣ ቁጣ። ቢ፣ ሐዘን። ሲ፣ ምንም ስሜት የሌለው። ዲ፣ ተስፋ። ሽታዬ መልሱን «ሲ» ብላ መዘገበች። አላመነታችም። ምንባቡ ውስጥ አንድም የሐዘን ቃል አልነበረም፤ እሷም ስትጽፈው ምንም አልተሰማትም።

ፈተናው ተሰጠ፤ በማግስቱ በክፍል ውስጥ ታረመ። ሽታዬ ጥያቄውን ታነባለች፣ ልጆቹ መልሳቸውን ይናገራሉ፣ ለምን እንደሆነ ታስረዳለች። የፈተናው ሰው ማን እንደሆነ ልጆቹ አያውቁም። ባል እንደሞተባት የሚያውቅ ቢኖርም እንዴት እንደሞተ አልነገረቻቸውም። እንደ ተለመደው ብዙውን የሚመልሰው ህሩይ ነበር፤ የአዘዞ ልጅ፣ ፈጣን፣ እጁን ሳያወጣ የሚናገር። ቶን ላይ ሲደረስም ቀደመ።

«ሲ!»

«ምክንያት?»

«ቲቸር፣ ራስዎ እንዳስተማሩን ነዋ። ቶን ያለው ቅጽል ላይ ነው። ይህ ሰውዬ አንድ ቅጽል እንኳ አልተጠቀመም። ‹የሚያሳዝን› የለ፣ ‹ወዮ› የለ። ሬሳውን ትቶ ስለ ክትባት ሳጥን ነው የሚያወራው። ምንም አልተሰማውም።»

«ትክክል» አለች ሽታዬ። ወረቀቱን ልትገለብጥ ስትል ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

አምሳለ ነበረች። ከጃናሞራ የመጣች፣ በጦርነቱና በመንገዱ ምክንያት ሁለት ዓመት ትምህርት ያመለጣት፣ አክስቷ ዘንድ ተጠግታ የምትማር ልጅ ናት። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች በዝግታ ስለምታነብ ፈተና ጨርሳ አታውቅም። እጇን ስታወጣ ሽታዬ ያየችው ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ቲቸር፣ እኔ ቢ ነው ያልኩ።»

«ምክንያት?»

«የሚያዝን ሰው ስለሆነ ነው የጻፈው።»

ልጆቹ ሣቁ። «ይህ መልስ ነው፤ ምክንያቱን ነው የጠየቅሁሽ» አለች ሽታዬ።

አምሳለ ደነገጠች፤ ግን አልተቀመጠችም። «አባቴ የሞተ ዕለት እናቴ ቀኑን ሙሉ ዝም ብላ…»

«አባትሽን ተይው» አለች ሽታዬ፣ በዚያው ባልተለወጠ ድምፅ። «ከሆድሽ አይደለም። ከምንባቡ።»

አምሳለ ወረቀቷን አንሥታ ጣቷን አሳረፈችበት። ክፍሉ ጠበቃት። «እዚህ ላይ፣ ‹ቁልፎቹን አዛንፎ ቆለፋቸው፤ ማንም አልነገረው› ይላል። ማንም አልነገረው ለማለት መዛነፉን ያየ ሰው መኖር አለበት። ያየው ሰው ቤት ውስጥ ነበር። የጻፈውም እሱ ነው።»

«ጸሐፊ እኮ ሁሉን ያያል!» አለ ህሩይ።

«እሺ ሁሉን ይይ። ለምን ቁልፍ ይጽፋል? ዜና ቢሆን ይህን ያህል ሰው ሞተ፣ ይህን ያህል ቆሰለ ነበር የሚል። መኪና ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም ወይ? ስለነሱ አንድ መስመር የለም። የሚያወራው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሻዩን ቆሞ እንደጠጣ ሳይቀር።» መስመሩን ተከትላ ወረደች። «በረዶው አልቀለጠም ነበርም ይላል። ምንም ያልተሰማው ሰው በረዶው ቀልጧል ወይስ አልቀለጠም ብሎ ይጠይቃል? ይህ ገደል ድረስ ሄዶ የጠየቀ ሰው ነው።»

«ታዲያ ለምን አዘንኩ አይልም?»

አምሳለ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እንጃ። ለምን እንዳልተናገረ አልተገለጸም።»

በዚህ ጊዜ ሁሉም፣ ህሩይም ጭምር፣ ሣቀ። ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞሩ። ሽታዬ ምንባቡን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ማንበብ ጀመረች። ራሷ የጻፈችውን፣ በቃሏ የምታውቀውን፣ ተማሪ እንደሚያነብ ከላይ ወደ ታች አነበበችው። በረዶው ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ስለ በረዶው ለማንም አውርታ አታውቅም። ሳጥኑን ያወጡትን ሰዎች በለቅሶው ዕለት ለብቻቸው ጠርታ የጠየቀቻቸው እሷ ነበረች፤ መጠየቋን ረስታው ኖሯል።

«ህሩይ፣ የነገርኳችሁ ልክ ነው፤ ቅጽል ይታያል» አለች በመጨረሻ። «ግን ቅጽል በሌለበት ጸሐፊው ምን መርጦ እንደጻፈ ይታያል። ይህን አላስተማርኳችሁም። መልሱ ቢ ነው። ሲ ያላችሁ አርሙት።»

«ቲቸር!» ብሎ ጮኸ ህሩይ፣ ሙሉውን ሊያመጣ አንድ ቀርቶት ነበርና።

«አርመው» አለችው። ጠመኔውን አስቀመጠች። እጇ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሌላ የተሰማት ነገር አልነበረም።

ትምህርቱ ሲያልቅ አምሳለ ከደረጃው ሥር ቆማ ጠበቀቻት። ጥቂት አብረው ሄዱ። ፎቶ ኮፒ ቤቱን አልፈው ባጃጆቹ የሚቆሙበት ሲደርሱ ልጅቷ «ቲቸር፣ ምንባቡን ከየት አመጡት?» አለቻት።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ሰውየው ማን ነው?»

«ባለቤቴ ነው።»

ከሞተበት ዕለት ወዲህ ይህን ቃል ላላወቀ ሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። እስከዚያ ቀን ሰው ሁሉ አውቆ ነበር ወደሷ የሚመጣው። አምሳለ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። «ነፍስ ይማር» አለች በጭንቅ።

«አሜን። በይ ሂጂ፣ አክስትሽ እንዳትቆጣ።»

ሽታዬ ቤቷ ገብታ እራት ሠራች። ወጡን ቀመሰችው፤ ጨው በዝቶበት ነበር። ውኃ ጨመረችበት።

ልጆቹ ሐምሌ ላይ ተፈትነው ተበተኑ፤ ክፍሉም ለክረምት ተዘጋ። በዚያው ሰሞን አያ ወልደ ገብርኤል ለጉዳይ ጎንደር ወርደው ዘንዷ ጎራ አሉ። ዝናብ አብስብሷቸው ነበር። ጋቢያቸውን ከምድጃው አጠገብ ዘርግታ ወንበር አቀረበችላቸው።

«ሸጋ ነሽ ወይ፣ ልጄ?»

«ደኅና ነኝ፣ አያ።»

«ምነው ብቻሽን እዚህ? ፍልሰታ እየገባ ነው። እኛ ዘንድ ነይና ጹሚ፤ ክፍሉን አጽድተውልሻል።» እጃቸውን ወደ ምድጃው ዘረጉና፣ «አልቅሽ ብዬ አይደለም የምጠራሽ። ሰው መሐል እንድትውዪ ብዬ ነው» አሉ።

እምቢ የምትልበት ምክንያት ፈለገች፤ አልመጣላትም። «እሺ፣ እመጣለሁ» አለቻቸው።

መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ወጣች። ፍልሰታን ሙሉ ከአያ ወልደ ገብርኤል ቤተሰብ ጋር ጾመች። ጠዋት አርፍዳ ትነሣለች፤ ከሰዓት ቅዳሴ ትሄዳለች፤ ሲወጡ ሴቶቹ ከግቢው ዛፍ ሥር ዝናብ እስኪያባራ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ሽታዬ ከነሱ ጋር ትቀመጣለች እንጂ ብዙ አትናገርም። በለቅሶው ዕለት ሆዱ ደንጋይ ነው ያለችው ሴትም እዚያው ነበረች፤ ሽታዬ አላወቀቻትም፣ ሴትዮዋ ግን አንድ ዐይኗ ከሷ ላይ አይነሣም።

አንድ ቀን ሩቅ ቀዬ የተዳረች፣ እናቷን ልትጠይቅ የመጣች ሴት ከመሐላቸው ገባች። ለቅሶውን አልሰማችም ነበር። የሽታዬን ጥቁር ልብስ አይታ፣ «እቴዋ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አለቻት።

ሌሎቹ ዐይናቸውን ሰበሩ። አንዷ እንግዳዋን ጎነጠቻት።

«ባሌ ነው» አለች ሽታዬ።

«አይይ! ምን አግኝቶት?»

ሽታዬ ነገረቻት። በአማርኛ ለማንም አውርታው አታውቅም ነበርና መጀመሪያ ቃሉ ተደነቃቀፈባት። ከማለዳው ጀመረች። ምን ታደርግ እንደነበር፣ እሱ ምን እንዳላት፣ እሷ ምን እንደመለሰች ተናገረች። ስልኩ ሲመጣ ትምህርቱን እንዳላቋረጠች፣ ሰሌዳውን ሳይቀር እንዳጠፋች ተናገረች። ገመድ ይዘው የወረዱትን ሰዎች፣ የጠየቀቻቸውን፣ የመለሱላትን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። እሷ ስትናገር ሴቶቹ አንድ በአንድ ማልቀስ ጀመሩ፤ እንደ ለቅሶው ዕለት በዜማ አልነበረም፤ በዝምታ፣ በነጠላ ጫፍ። አንድ ዐይኗ ከሷ ላይ የማይነሣው ሴትዮ ከሁሉም ይልቅ አለቀሰች። የሽታዬ ዐይን አሁንም ደረቅ ነበር።

ስትጨርስ ማንም «አይዞሽ» አላላትም። ያቺው ሴትዮ ተነሥታ አጠገቧ መጣችና ተቀመጠች፤ ትከሻዋ የሽታዬን ትከሻ እስኪነካ ተጠጋቻት። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ቢሆንም የተነሣ ሰው የለም። ያን ቀን ማታ በሶ ሲበጠበጥላት፣ ሽታዬ ሳይነግሯት ሁለተኛ ጠየቀች። የአያ ወልደ ገብርኤል ሚስት ባሏን በዐይኗ ጠቀሰች፤ አያ ምንም እንዳላዩ ሆነው እሳቱን ቆሰቆሱ።

ዳባት ያለው ትምህርት ቤት በጥቅምት ተከፈተ። ተማሪው በፊት ከነበረው እኩሌታም አይሞላም፤ መስኮቱ አብዛኛው መስተዋት የለውም። ሽታዬ የማራኪውን ክፍል ለቃ ተመለሰች። ሰውነት እንድትቀር ለምኗት ነበር፤ «ክረምት ክረምት እመጣልሃለሁ» አለችው። የታከለን ልብሶች አጥባ ለወንድሞቹ አከፋፈለች፤ ካፖርቱ ከአደጋው አልተመለሰም። ለውጥ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቃት ሰው ቢኖር የለም ትል ነበር። ልጆቹ ግን ከሌሎቹ መምህራን ይልቅ ስለሷ ያወራሉ፤ ቶን ስታስተምር አንድን ሰው ከክፍሉ ታስወጣና ስለሱ እንዲጽፉ ታዛለች፣ አንድም ቅጽል ሳይጠቀሙ።

የማትሪክ ውጤት የወጣ ዕለት ስልኳ ጠራ። አምሳለ ነበረች።

«ቲቸር፣ ቀጥታ አላለፍኩም። ለሪሚዲያል ግን ተመድቤያለሁ፤ ደብረ ታቦር ነው የደረሰኝ። እንግሊዝኛው ነው ያዳነኝ።»

«ጨረስሽው እንግሊዝኛውን?»

«ሁለት ጥያቄ ቀርቶኝ ሰዓት አለቀ።»

«ሁለት ብቻ?»

«ሁለት ብቻ።»

«እሰይ» አለች ሽታዬ። ጮክ ብላ አይደለም። ከዚያም፣ «ደብረ ታቦር ብርዱ የዋዛ አይደለም፤ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዘሽ ሂጂ» አለቻት።